የአዲስ አበባ አየርና ሁለት ካርቡራቶሮች
በፋኩልቲው ወርኃዊ የሕዝብ ንግግር መድረክ ከቀረበው የተገለበጠ



የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ዕለት አንድ ባልደረባዬ፣ «ለአንድ የአየር ማጣሪያ አንድ ሰዓት አይበዛም?» ሲል ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሥራው አሮጌውን መንቀል፣ አዲሱን መሰካት፣ ማሰሪያውን በካቻቢቴ ማጥበቅ ብቻ ይመስላል። እኔም ይህንኑ ገምቼ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብጀምረው ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የምነግራችሁ በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ስለተሳሳትሁት ስሕተትና ስለ አራሚዬ ነው።

ሞተር ብስክሌቱ ሆንዳ ሲቢ 350 ነው። ፋብሪካው ይህን ዓይነት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1968 እስከ 1973 ሠርቶታል። ሞተሩ 325 ሲሲ ሲሆን ሁለት ሲሊንደር አለው፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ካርቡራቶር፣ እያንዳንዱም ካርቡራቶር በጎን ክዳን ሥር የተሸሸገ የራሱ የወረቀት ማጣሪያ አለው። አባቴ ከቂርቆስ ሰፈር ወደ ሥራው ይመላለስበት ነበር። ለብዙ ዓመታት ቆሞ ኖሮ ላስነሣው ስነሣ፣ የማጣሪያዎቹ ወረቀት እንደ ደረቀ ቅጠል በእጄ ላይ ፈረሰ። ሶማሌ ተራን አሰስሁ፤ ምናለሽ ተራም ሄድሁ። የዘመኑ ሞተሮች ማጣሪያ ሞልቷል፤ የዚህ ግን አልተገኘም። በመጨረሻ ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ሁለት ሾጣጣ ማጣሪያዎች አመጣልኝ። በዘይት የሚርስ የጥጥ መረብ ያላቸው፣ ያለ ሳጥን በቀጥታ በካርቡራቶሩ አፍ ላይ የሚሰኩ ናቸው። አብራቸው የመጣች አንዲት ወረቀት፣ «ማጣሪያው ከቀድሞው የበለጠ አየር ስለሚያስገባ ዋናውን ጄት አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ከፍ ያድርጉ» ትላለች። ጄት ማለት ቤንዚኑ ተመጥኖ የሚያልፍባት፣ ቀጭን ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን ናት።

የምሕንድስና ተማሪ ላልሆናችሁ ጥቂት ላብራራ። ካርቡራቶርን እንደ መለኪያ መሣሪያ ማየት ይበጃል። አየር በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይወርዳል፤ ይህ የግፊት ልዩነት ቤንዚኑን ከታች ካለው ማጠራቀሚያ በጄቱ በኩል ወደ ላይ ይስበዋል። ፋብሪካው የጄቱን ልክ የመረጠው ሳጥኑና የወረቀት ማጣሪያው በአየሩ ላይ የሚፈጥሩትን መታፈን ጭምር አስልቶ ነው። መታፈኑ ሲቀንስ መሳቡም ይቀንሳል፤ ለገባው አየር የሚደርሰው ቤንዚን ያንሳል፤ ድብልቁም ይሳሳል። የሳሳ ድብልቅ ሞተሩን ያግለዋል፤ ሲብስም ፒስተን ያቃጥላል። የወረቀቷ ምክር ከዚህ የመነጨ ነው።

ምክሯን ተቀብዬ ሁለቱንም ጄቶች በሁለት ቁጥር ከፍ አደረግሁ። ሞተሩ ተነሣ፤ ቆሞ ሲሠራም ደኅና ነበር። ከመስቀል አደባባይ ወደ ካዛንቺስ ሽቅብ ስወጣ ግን እጀታውን በጠመዘዝሁ ቁጥር ታፍኖ ይንተፋተፋል፤ ከኋላዬ ጥቁር ጭስ ይከተለኛል፤ ልብሴ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ሙያዬን ስለማምን ጥፋቱን በካንዴላው፣ ቀጥሎም በባትሪው አሳበብሁ። ሁለቱንም ቀየርሁ። ለውጥ አልመጣም።

በመጨረሻ ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ስፋቱ ከአንድ ክፍል የማይበልጥ ጋራዥ ወዳላቸው አንድ አዛውንት መካኒክ ሄድሁ። ስማቸውን እንዳልጠራ ስለለመኑኝ «ጋሼ» እያልሁ እቀጥላለሁ። ጋሼ ሞተሩን አላስነሡም። ሁለቱን ካንዴላዎች ነቅለው በፀሐይ በኩል ይዘው ተመለከቱ። ሁለቱም ጥቁር ነበሩ፤ የግራው ግን ይብሳል። ከዚያ ወረቀቷን አስነበቡኝና፣ «መምህር፣ ይህን የጻፈው ሰው የት አገር ነው የሚኖረው?» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ። እርሳቸው አልሣቁም። «እዚህ አየሩ ስስ ነው። ትልቅ ጄት ለአሰብ ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በዚያ ሌሊት በአንደኛ ዓመት የማስተምረውን ስሌት ለራሴ ሠራሁት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በባሕር ጠረፍ 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እዚህ ወደ 76 ይወርዳል፤ የአየሩም ጥግግት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። ቤንዚን ግን በከፍታ አይሳሳም። በካርቡራቶር ውስጥ የድብልቁ መወፈር ከጥግግቱ ስኩዌር ሩት ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል፤ የሦስት አራተኛ ስኩዌር ሩት 0.87 ያህል ስለሆነ፣ ድብልቁ 15 በመቶ ገደማ ይወፍራል። በባሕር ጠረፍ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር እንዲደርሰው የተስተካከለ ካርቡራቶር፣ ምንም ሳይነካ እዚህ ሲመጣ ወደ 12.7 ይወርዳል ማለት ነው። እንደዚህኛው ያለ፣ በቫኩም የሚሠራ ዲያፍራም ያለው ካርቡራቶር ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይችልም።

እንግዲህ አስተውሉ። ከፍታው ድብልቁን ያወፍራል፤ አዲሱ ማጣሪያ ያሳሳል። ሁለቱ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታሉ። በወረቀቷ ስሌት ውስጥ የመጀመሪያው የለም፤ ምክንያቱም ጸሐፊው በቆላ ወይም በባሕር ጠረፍ ስለሚኖር አየርን እንደ ቋሚ ነገር ቆጥሮታል። እኔም፣ በዚህች ከተማ ተወልጄ በዚህች ከተማ የማስተምረው ሰው፣ የማላውቀውን ሰው አየር ተበድሬ ሠራሁ። ይኸኛው ከካንዴላው መጥቆር ይልቅ አሳፍሮኛል። ቀመሩን በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ግን የምሰጠው ምሳሌ ሁልጊዜ የአውሮፕላን ሞተር ነበር።

በማግስቱ የፋብሪካውን ጄቶች መለስኋቸው። የቀኝ ካንዴላ ከሁለት ቀን ጉዞ በኋላ የተቆላ ቡና ቀለም ያዘ፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። የግራው ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ፤ ሞተሩም በግራ ወገኑ ሰነፍ ነበር። እንደገና ወደ ጋሼ ሄድሁ።

ቀጥሎ ያደረጉትን በዝርዝር እነግራችኋለሁ፤ የመለኪያ ትምህርት ነውና። የግራውን ማጣሪያ ነቀሉ። በካርቡራቶሩ አፍ ዙሪያ ጥቁር ግራሶ በጣታቸው በስሱ ቀቡ። ማጣሪያውን መልሰው ሰኩና ወዲያው አወጡት። በማጣሪያው የጎማ አንገት ላይ የካርቡራቶሩ አፍ ቅርጽ ታትሞ ወጣ፤ ጎማው ከአፉ ከንፈር ወደ ውስጥ አልፎ፣ ከታች በኩል ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ እንደሸፈናት በግልጽ ይታይ ነበር።

ያቺ ቀዳዳ ከዲያፍራሙ በታች ላለው ክፍል አየር የምታደርስ ናት። በዚህ ዓይነት ካርቡራቶር እጀታችሁን ስትጠመዝዙ በቀጥታ የምትከፍቱት አንድ ክብ ክዳንን ብቻ ነው። መርፌውን የያዘውን ቡሽ መሰል ክፍል ከፍ የሚያደርገው ከስሱ ጎማ በላይና በታች ያለው የግፊት ልዩነት ነው። የታችኛው መተንፈሻ ሲደፈን ልዩነቱ ይጠፋል፤ ያ ክፍል አይነሣም፤ ሲሊንደሩ በቂ አየር አያገኝም። የቀኙ ማጣሪያ ሲሰካ በአጋጣሚ ጥቂት ዘወር ብሎ ስለነበር ቀዳዳዋ ክፍት ቀርታለች። ጋሼ የጎማውን ትርፍ በምላጭ ከረከሙ፤ አሁንም ግራሶ ቀብተው አተሙ፤ ደግመው ከረከሙ። አራት ጊዜ። ከዚያ የቀኙንም እንዲሁ አደረጉ፤ «ዛሬ ደኅና ነው ማለት ነገ አይዞርም ማለት አይደለም» ብለው።

ልብ ብላችሁ ከሆነ እስካሁን ከጠራኋቸው የጋራዥ ቃላት ብዙዎቹ፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ግራሶ፣ ካርቡራቶር ራሱም፣ የጣሊያንኛ ናቸው። የሰፈሩም ስም እንዲሁ ነው። ካዛንቺስ የተባለው፣ ከ1928 እስከ 1933 በነበረው ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው የጣሊያን ተቋም ነው፤ የኢንቺስ ቤቶች እንደ ማለት። ሰፈሩም ቃላቱም በአንድ በር ገብተው፣ ከዚያ በኋላ እኛው እንደ ራሳችን ይዘናቸው ኖረናል።

ሞተሩ አሁን ደኅና ይሠራል። ቢሆንም ለተማሪዎች ሁለት ነገር ሳልናገር ባልፍ ጥፋት ነው።

አንደኛ፣ ይህ ማስተካከያ ለዚህ ከተማ ነው። በዚሁ ጄትና በዚሁ ማጣሪያ 1,200 ሜትር ገደማ ወዳለችው ድሬዳዋ ብወርድ፣ አየሩ ሲወፍር ድብልቁ ይሳሳል፤ ያን ጊዜ የወረቀቷ ምክር ሕይወት ያገኛል። ረጅም ቁልቁለት ለመጓዝ የሚያስብ ሰው ትርፍ ጄት ይያዝ፤ በየመንገዱም ካንዴላውን ይይ።

ሁለተኛው የሚከብደኝ ነው፤ አቧራ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ በዚያ አካባቢ ያለፈ ሰው በጥርሱ መካከል ያንኰሻኰሸውን ያውቀዋል። የአሸዋና የሲሚንቶ ብናኝ ውስጥ ከብረት የሚጠነክር የሲሊካ ቅንጣት አለ። ይበልጥ የሚጎዳው ዓይን የሚያየው ትልቁ ሳይሆን ከዘይቱ ስስ ሽፋን ውፍረት ጋር የሚቀራረበው ደቃቅ ነው፤ በፒስተን ቀለበትና በሲሊንደር ግድግዳ መካከል ገብቶ እንደ ሞረድ ይሠራል። ደኅና የወረቀት ማጣሪያ ይህን ደቃቅ ከጥጥ መረብ ይልቅ አጥብቆ ይይዛል። በዚያ ላይ አዲሱ ማጣሪያ ሳጥን የለውም፤ በጉልበቴ አጠገብ ተጋልጦ የክረምቱን ጭቃ ውኃም የበጋውን ብናኝም ይቀበላል። ስለዚህ አሳጥቤና ዘይት አርሼ የምመልሰው ወረቀቷ ካዘዘችው እጅግ ቀድሜ ነው። ዘይት ሲበዛም መረቡ ይደፈናል፤ ልኩን በእጅ መልመድ ያሻል።

የማጣሪያው ሻጮች ኃይል ይጨምራል ይላሉ። ከፍታው ከሞተሩ ኃይል ሩቡን ያህል በወሰደበት ከተማ፣ በማጣሪያ የሚገኘው ጥቂት ጭማሪ ያንን አይመልስም። የፋብሪካውን ሳጥንና የወረቀት ማጣሪያ ነገ ባገኝ፣ ጄቱን አንድ ቁጥር ዝቅ አድርጌ መልሼ እገጥመዋለሁ። አሁን የያዝሁት የተሻለ ስለሆነ ሳይሆን የተገኘ ስለሆነ ነው።

የጋሼ ጋራዥ አሁን የለም። ከፈረሰው አካባቢ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራ ተዛውረዋል፤ ጋሼም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደዋል፤ የድሮ ደንበኞቻቸው አድራሻቸውን እየጠፋባቸው እኔ ዘንድ ይደውላሉ። በስተመጨረሻ ዕቃ ሲያወጡ አግዤ ነበር። ከመደርደሪያው ላይ አንዲት የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አወረድሁ፤ ውስጧ በሽቦ በሽቦ የተሰኩ ጄቶች ሞልተዋል። እያንዳንዱ ሽቦ የአንድ ዓይነት ሞተር ነው። አንዳንዶቹ ቀዳዳቸው በቆርቆሮ ብየዳ ተደፍኖ በቀጭን መርፌ እንደገና የተበሱ ናቸው። ጥቂቶቹን ከፋብሪካ ቁጥራቸው ጋር አስተያየኋቸው፤ ሁሉም ያነሱ ናቸው። ጋሼ የተጻፈ ነገር የላቸውም። የትኛው ሽቦ የየትኛው ሞተር እንደሆነ የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሁለቱን ደግሞ እርሳቸውም ረስተዋቸዋል።

ጋሼ ዛሬ ከኋላ ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ቆርቆሮዋም እነሆ ጠረጴዛው ላይ ናት። የመለኪያ ቤተ ሙከራችን እስከ አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር የሚለዩ መርፌዎች አሉት። በሚቀጥሉት ሁለት ቅዳሜዎች ቀዳዳዎቹን ለክተን፣ ጋሼ እየነገሩን በዝርዝር እንመዘግባለን። አራት ተማሪዎች ይበቁኛል፤ ስማችሁን በሩ አጠገብ ላለችው ረዳት ስጡ። ሞተር ብስክሌቱ ከሕንፃው ጀርባ ቆሟል፤ የግራውን ካንዴላ ማየት የሚፈልግ ሞተሩ ሳይበርድ ይምጣ፤ ጓንት ግን ይያዝ።