የተጋባዡ መምህርና የመሐንዲሱ ቁጥር
(ገራዶ ላይ ለማኅበሩ አባላት ከተደረገ ንግግር)



ከደሴ ቁልቁል ወደዚህ ወደ ገራዶ የወረደ ሁሉ የክረምት ጎርፍ በዚህ አገር ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት ሳይሆን፣ ከሁለቱም ስለሚቀድመው ስለ ቁጥር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንዲት ትንሽ ድልድይ የውሃ ማሳለፊያ ስፋት ስወስን፣ በእጄ የነበረው የ12 ዓመት የዝናብ መዝገብ ብቻ ነበር። ከእርሱም የ50 ዓመቱን ጎርፍ አስልቼ አንድ ቁጥር ጻፍሁ። ስሌቱን ያሳየኋቸው የስታቲስቲክስ መምህር ግን፣ «ይህ ቁጥር ከየት እስከ የት ሊዋዥቅ ይችላል?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

የ50 ዓመት ጎርፍ ማለት በየዓመቱ ከመቶ 2 ዕድል ያለው ጎርፍ ማለት ነው እንጂ 50 ዓመት ጠብቆ የሚመጣ እንግዳ አይደለም። በ10 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረስ ዕድሉ ከመቶ 18፣ በ50 ዓመት ውስጥ ደግሞ ከመቶ 64 ያህል ነው። ብራድሊ ኤፍሮን እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ቡትስትራፕ የተባለው ዘዴ፣ ካለው መዝገብ በኮምፒዩተር ደጋግሞ ናሙና በመውሰድ የግምቱን መዋዠቅ ያሳያል። ይሁን እንጂ መዝገቡ ሲያጥር ስሕተቱን አሳንሶ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ያለ ባለሙያ ምክር ሊታመን አይገባም።

ባለሙያው ደግሞ ሩቅ አይደለም። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ትምህርት ደሴ፣ የምሕንድስናው ኮምቦልቻ ይሰጣል፤ በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ዊልያም ጎሴት በደብሊን ቢራ ፋብሪካ ሲሠራ የናሙናዎቹ ማነስ ቢያስቸግረው፣ ለንደን ድረስ ሄዶ ከካርል ፒርሰን ዘንድ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ያወጣው ጽሑፍም እስከ ዛሬ በየትምህርት ክፍሉ ይሠራበታል።

እንግዲህ በበኩሌ የማሳስበው ይህ ነው። በየመንፈቀ ዓመቱ የስታቲስቲክስ መምህር ወደ ምሕንድስና ክፍል ይጋበዝ፤ ተማሪውም የራሱን መዝገብ ይዞ ይቅረብ፤ ስሌቱንም በእጁ ይሥራው። መሐንዲሱም በተራው ደሴ ወጥቶ የዝናብ መለኪያው የት እንደ ተተከለ፣ ንባቡ የት የት እንደ ተቋረጠ ያስረዳ። የመዝገቡን ጉድለት ያላወቀ የስታቲስቲክስ ሊቅም ይሳሳታልና።

ያችን ድልድይ ዳግመኛ አስልቼ ስፋቷን ጨመርሁ። በክረምት ከገበያ የሚመለስ ሰው ሲሻገርባት፣ የሚሸከመው የእኔን ቀመር ሳይሆን የዚያን መምህር ጥያቄ ይመስለኛል።