የቀዘቀዘ ሞተር አነሣሥና አሟሟቅ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በደብረ ብርሃን በኅዳር ማለዳ ውርጭ ሲጥል፣ ለመስክ ሥራ የሚወጣ የግብርና ባለሙያ ሞተር ብስክሌቱን አስነሥቶ ቁርሱን ሊበላ ይገባል። ሞተሩም ሩብ ሰዓት ያህል ባዶውን ሲዞር ይቆያል። ልማዱ ለመሣሪያው ከማሰብ የመነጨ ነው፤ ነገር ግን የሚጎዳው መሣሪያውን ራሱን ነው።

ነገሩ ከነዳጁ ይጀምራል። ቤንዚን በሚገባ ይቃጠል ዘንድ በክብደት ለአንድ እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ ያህል አየር ያስፈልገዋል። የሚቃጠለው ግን የተነነው ብቻ ነው። በቀዘቀዘ ሞተር ውስጥ ቤንዚኑ በከፊል ፈሳሽ እንደሆነ ስለሚቀር፣ የሚተነው እንዲበቃ ሲባል በቾክ አማካይነት ከልክ ያለፈ ቤንዚን ይሰጠዋል። ታዲያ ያልተነነው ወዴት ይሄዳል? በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ እየወረደ ስሱን የዘይት ሽፋን ያጥባል፤ ከዘይቱም ጋር ተቀላቅሎ ያቀጥነዋል። በዚህም ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይፈጠራል። ይህ ውሃ ሞተሩ ሲሞቅ እንፋሎት ሆኖ በማርሚታው ይወጣል፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ግን ከፊሉ ጤዛ ሆኖ በውስጥ ይቀራል።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከሦስት አራተኛ ያንሳል። ለዝቅተኛ ስፍራ የተስተካከለ ካርቡራቶር በዚያ ቀድሞውኑ ቤንዚን ያበዛል፤ ስለሆነም ቾኩ ቶሎ መመለስ ይኖርበታል።

የዘይቱም ጉዳይ ቀላል አይደለም። 10 ደብልዩ 40 የተባለው ዘይት በ40 ዲግሪ ሙቀት ላይ በ100 ዲግሪ ካለው ሰባት እጥፍ ያህል ይወፍራል፤ በውርጭ ማለዳማ እጅግ የባሰ ነው። ዘይቱ ከላይኞቹ ክፍሎች ሳይደርስ ነዳጅ እየሰጡ ሞተሩን ማስጮህ ብረትን በብረት ማስፋቅ ነው።

እንግዲህ ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው። ሞተሩ ሳይነሣ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ መግፋት በወፈረው ዘይት የተጣበቁትን የፍሪሲዮን ሸክላዎች ያላቅቃል። ከዚያም ማርሹን ነፃ አድርጎ፣ ቾኩን ስቦ፣ ነዳጅ ሳይሰጡ መርገጥ ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ግማሽ ወይም አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ቾኩ ቀስ በቀስ ተመልሶ በሚኒሞ ጸንቶ መዞር ሲጀምር ጉዞ ይጀመራል፤ ሞተር ፈጥኖ የሚሞቀው ሥራ ይዞ ነውና። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በዝግታ ይሁኑ። የአሉሚኒየም ፒስተን ከብረቱ ሲሊንደር ቀድሞ ይሞቃል፤ በሙቀትም እጥፍ ያህል ይሰፋል። ወዲያው ሙሉ ነዳጅ የተሰጠው ፒስተን ሊነክስ ይችላል። የሲሊንደሩ ክንፎች ለእጅ መሞቃቸውም አያታልል፤ ዘይቱ የሚሞቀው ከእነርሱ እጅግ ዘግይቶ ነው።

ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚረጭባቸው አዳዲስ ሞተሮች የቾኩን ሥራ ራሳቸው ያከናውናሉ፤ የዘይቱና የፒስተኑ ጉዳይ ግን በእነርሱም ያው ነው።

ከሞተሩ ይልቅ የሚያሳስበው ጭሱ ነው። ሌባ ስለሚፈራ ሞተር ብስክሌቱ ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ ከሚተኛበት ክፍል ያድራል፤ በማለዳም እዚያው ይነሣል። ቾክ የተሳበበት ሞተር ቤንዚኑ አየር ስለሚያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድን አብዝቶ ይተፋል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። በሩን ገርበብ ማድረግ አይበቃም። ብስክሌቱ ሞተሩ እንደጠፋ እስከ ግቢው በር ተገፍቶ መነሣት ያለበት እዚያ ነው፤ ልጆቹ በዚያን ሰዓት ገና አልነቁም።