ለመጀመሪያ ጊዜ ጀልባ ለምትሳፈሩ

ሴት፦ ከሆሳዕና ባሕር ሩቅ ነው፤ ደሴት ግን ቅርብ ነው። ከዚህ በቡታጅራ፣ ከዱራሜ ደግሞ በሐላባና በሻሸመኔ አድርጋችሁ ዝዋይ ሐይቅ ትደርሳላችሁ።

ወንድ፦ ከ5ቱ ደሴቶች ትልቋ ቱሉ ጉዶ ናት፤ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ያለባት። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን እዚያ ተሸሽጋ እንደነበር በአፈ ታሪክ ይነገራል።

ሴት፦ እስኪ ጀማሪው ምን ይወቅ?

ወንድ፦ በማለዳ ይሳፈር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታና ማዕበሉ ጀልባዋን ያንገላታል።

ሴት፦ እኔ ከሁሉ የማስቀድመው የሕይወት አድን ጃኬቱን ነው። ልበሱት፣ መቆለፊያውን በእጃችሁ ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩት። ለልጃችሁ በልኩ ከሌለ፣ ገንዘብ ከፍላችሁም ቢሆን አትሳፈሩ!

ወንድ፦ ልክ ነሽ። ጉማሬ ሲታይም ሁሉም ፎቶ ለማንሳት ባንድ ጎን ከቆመ ጀልባዋ ታዘነብላለች፤ ተቀምጣችሁ አንሱ። የመመለሻውን ዋጋ ሳትነሱ ተስማሙ።

ሴት፦ ነጠላ ያዙ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚገባው ጫማ ተወልቆ ነው። ጣና የምትሄዱ እኅቶች፣ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም፤ መንገዳችሁን በዚያው ልክ አስቡ።

ወንድ፦ ውኃ፣ ባርኔጣ፣ ለስልክ ደግሞ ላስቲክ አትርሱ።