የቆሰለ ሰብል ስለ ምን ይቀጭጫል?



በክረምት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ለሚጓዝ ሰው የመንገዱ ግራና ቀኝ በቆሎ ነው። በዚሁ መንገድ ለሥራ ስመላለስ፣ አንድ በዕድሜ የገፉ ገበሬ ተምቹ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ በቆሏቸው ስለ ምን ቀጭጮ እንደ ቀረ ጠየቁኝ። እኔ መሐንዲስ ነኝና መልስ አልነበረኝም። የዛሬው ንግግሬ ለእርሳቸው ያልሰጠሁት መልስ ነው።

መጤ ተምች በአገራችን የታየው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ቅጠል እንደሚበላ ሁላችንም እናውቃለን፤ ተክሉ ራሱ ዕድገቱን እንደሚገታ የምናውቀው ግን ጥቂቶች ነን።

ቅጠል ሲቆስል ተክል ጃስሞኔት የተባለውን ሆርሞን በደቂቃዎች ውስጥ ያመነጫል። በደኅናው ጊዜ ጃዝ የሚባሉ ፕሮቲኖች የመከላከያውን ሥራ ዘግተው ይጠብቃሉ። ጃስሞኔት ሲመጣ ጃዞቹ ይፈርሳሉ፤ ተክሉም ለተባይ የማይስማማ ቅመም ይሠራል። ይሁን እንጂ በዚያው ጊዜ ዴላ የተባሉት የዕድገት ፍሬኖች ይጠብቃሉ፤ የህዋሳት መባዛትም ይቀንሳል። አራቢዶፕሲስ በምትባል ትንሽ የጎመን ዘመድ ላይ እንደ ታየው፣ ቅጠሏ ደጋግሞ ሲቆስል ትቀጭጫለች፤ ጃስሞኔት መሥራት የማትችለውን ግን ያው ቁስል አይገታትም።

ታዲያ ሆርሞኑን ማስወገድ አይሻልምን? አይሻልም። ጃስሞኔት የሌለው በቆሎ በተራ አፈር ላይ ሥሩ በስብሶ እንደሚሞት፣ ወንዴ አበባውም ወደ ሴቴ እንደሚለወጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ተረጋግጧል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲው ግሬግ ሃውና ባልደረቦቹ ከአራቢዶፕሲስ አምስት ጃዞችንና አንድ ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲን ቢያስወግዱ፣ ተክሏ እያደገች ተከላከለች። ስለዚህ መቀጨጭ የምግብ እጥረት ብቻ ሳይሆን የትእዛዝም ጉዳይ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2018 ዐሥር ጃዞች ሲወገዱ ተክሏ ተራበች፤ ዘሯም አነሰ። ለነገሩ ሁሉ ልክ አለው።

እንግዲህ ለገበሬው የምሰጠው መልስ ይህ ነው፤ በቆሎ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንድ ጊዜ በተበላው ቅጠል፣ ሁለተኛ ራሱን ለመጠበቅ በሚያወጣው ወጪ። ማሳን ማልዶ ማየት፣ ተምቹንም ገና በእንቁላሉ መልቀም ሁለቱንም ዕዳ ያቀላል። ዘር የሚያሻሽሉ ወገኖቻችንም ቁመትን ብቻ ሳይሆን መከላከልንም አብረው ይመዝኑ። እኛ መሐንዲሶች መኪና እንዲፈጥን ብለን ፍሬኑን አንነቅልም፤ ፍሬኑ መቼና ምን ያህል እንደሚያዝ ግን እናጠናለን።