ስለ ታይመስ ዕጢና ከሕመም ስለሚነሡ ሕፃናት



የዛሬው ንግግሬ የሐኪም ጉዳይ ቢመስልም የሚመለከተው የመማሪያ ክፍላችንን ነው። አንድ ሕፃን ታሞ ሰንብቶ ሲመለስ በመዝገባችን ላይ «ተገኝቷል» ብለን እንጽፋለን፤ ወዲያውም እንደ ባልንጀሮቹ እንዲሮጥ እንጠብቅበታለን። ነገር ግን መምጣቱ ፈጽሞ መዳኑን ያሳያልን?

ከደረት አጥንት በስተጀርባ፥ ከልብ በላይ፥ ታይመስ የሚባል ዕጢ አለ። ሥራው ለብዙ ዘመን ሳይታወቅ ቆይቶ፥ በ1961 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዣክ ሚለር የተባለው ሊቅ፥ ገና እንደ ተወለዱ ይህ ዕጢ የወጣባቸው አይጦች ተላላፊ በሽታን መቋቋም እንደማይችሉ አሳየ። ከአጥንት መቅኒ የሚመነጩ ጥሬ ሕዋሳት ወደዚህ ዕጢ ገብተው ይሠለጥናሉ፤ ሠልጥነው ሲወጡም ቲ ሕዋሳት ይባላሉ። ፈተናው ብርቱ ነው፤ ምንም መለየት የማይችለውም፥ የገዛ አካሉን የሚያጠቃውም ይወድቃል፤ ከመቶ የሚያልፉት ከ5 አይበልጡም። ዕጢው ከጉርምስና በኋላ እየመነመነ ስለሚሄድ፥ ይህ ሥልጠና ይበልጥ የሚሠራው በልጅነት ነው።

ብርቱ ተላላፊ በሽታ በገባ ጊዜ ግን ይህ ትምህርት ቤት ይታወካል። ሰውነት በብግነት ሲቆጣ ልዩ ልዩ መልእክተኛ ንጥረ ነገሮች በደም ውስጥ ይበዛሉ፤ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎችም ኮርቲዞል የተባለውን ቅመም አብዝተው ያፈልቃሉ። በዚህ ምክንያት ገና በመሠልጠን ላይ ያሉት ሕዋሳት በብዛት ይሞታሉ፤ ዕጢውም በጥቂት ቀን ውስጥ ይኰማተራል። አስቀድመው የሠለጠኑት በደም ውስጥ ይዋጋሉ፤ የአዲሶቹ ቍጥር ግን ይቀንሳል። ተሐዋስያኑ ወደ ዕጢው ራሱ የገቡ እንደ ሆነ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ በአይጦች ላይ እንደ ታየው፥ ሠልጣኞቹ ጠላትን እንደ ቤተ ሰብ አድርገው ሊቈጥሩት ይችላሉ።

ይህን አለማስተዋል ዋጋ አስከፍሏል። የቀድሞ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚመረምሩት በሕመምና በረኃብ ከስተው የሞቱትን የድኾች ልጆች አስከሬን ስለ ነበረ፥ የተኰማተረውን ዕጢ እንደ ትክክለኛ መጠን ቈጠሩት። ጤናማውን «ከመጠን በላይ ያደገ» ብለው፥ በሃያኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ብዙ ሕፃናትን በራጅ ጨረር አከሙ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ኋላ በእንቅርት ዕጢ ካንሰር ተያዙ።

ወደ አገራችን ጎረቤት እንመለስ። ካርቱም የቈየ የሕክምና ምርምር ከተማ ናት፤ የዌልካም ላቦራቶሪ በ1903 በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ተከፍቶ ነበር። ከ2023 ጦርነት በፊት በካርቱም ሁለት ያስተማራችሁ ሁሉ ካላ አዛር የሚለውን ስም ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ይህን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር ትራባለች፤ ስለዚህ የገዳሪፍ፥ የመተማና የሁመራ ሕዝብ በሽታውን ይጋራል፤ በ2005 ደግሞ በሊቦ ከምከም ወረርሽኙ ታወቀ። በደቡብ ሱዳን በምዕራብ የላይኛው ናይል ከ1984 እስከ 1994 ወደ 100,000 ሰው እንደ ጨረሰ ይገመታል። ጥገኛው ነፍሳት በጣፊያ፥ በጉበትና ጥሬዎቹ ሕዋሳት በሚመነጩበት በመቅኒው ውስጥ ይሰፍራል፤ ትኩሳቱ ለወራት ይቈያል፤ ሰውነት ይከሳል። ከሕሙማኑም ብዙዎቹ የሚሞቱት በላዩ በሚደረበው የሳንባ ምችና ተቅማጥ ነው።

ለእኛ ትልቁ ትምህርት የተገኘው በቦሊቪያ ነው። በዚያ በምግብ እጦት የተጐዱ ሕፃናት ሲታከሙ ክብደታቸው በአንድ ወር ገደማ ተመለሰ፤ የታይመሳቸው መጠን ግን እስኪመለስ ሁለት ወር ያህል ፈጀ። እንግዲህ ጉንጩ የሞላው ልጅ ጦሩ ገና አልተሟላም ማለት ነው።

ስለዚህ ከብርቱ ሕመም የተነሣውን ተማሪ ሁለት ወር ያህል እንጠብቀው፤ በምገባው ቀዳሚ እናድርገው፤ ከሚያስለውና ከሚያተኵሰው ልጅ አጠገብ አናስቀምጠው፤ የጐደለ ክትባት እንዳለው ወላጆቹን እንጠይቅ፤ እንደ ገና ቢያተኵሰው ሳንውል ሳናድር ወደ ጤና ጣቢያ እንላከው። ዕጢው ዕድልና ምግብ ካገኘ ያገግማል፤ ያን ጊዜ መስጠት ግን በእጃችን ነው።