ውሃ ያቀበለችው ማን ነበረች?



በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ግቢያችንን ጠርገን ቆሻሻውን በየደጃፋችን እናቃጥላለን። ሰፈሩ በጭስ ይታፈናል። ልጆቻችን ሲያስላቸው «ኅዳር ሲታጠን ነው» እንላቸዋለን። ለምን እንደሚታጠን ሲጠይቁን ግን ለብዙዎቻችን መልሱ ያጥረናል።

በኅዳር 1911 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1918፣ ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን መታ። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው። በከተማዋ ወደ 10,000 ሰው እንዳለቀ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ተርፈዋል። በሽታው ከቆሻሻና ከመጥፎ ሽታ የመጣ ስለመሰለ ከተማዋ በጭስ ታጠነች፤ ልማዱም እስከ ዛሬ አለ።

የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት ይህን ወረርሽኝ አጥንተው ጽፈዋል። ውለታቸው ትልቅ ነው። ነገር ግን የትኛውም ተመራማሪ የሚያገኘው አስቀድሞ የተጻፈውን ወይም የተነገረውን ነው።

በዚያን ጊዜ ኢንፍሉዌንዛን የሚያድን መድኃኒት በየትኛውም አገር አልነበረም። ቫይረሱ ከሰው ላይ ተለይቶ የታወቀው በ1933 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ሐኪም ላገኘውም ላላገኘውም ታማሚ ዋናው ተስፋ ማስታመም ነበር፦ ውሃ ማጠጣት፣ አጥሚት ማቅመስ፣ ማልበስ፣ አጠገቡ መቀመጥ። ቤተሰቡ በሙሉ በተኛበት ቤት ውሃ የሚያቀብል መኖሩ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ያን ያደረጉት እነማን ነበሩ? የአብዛኞቹ ስም የትም አልተጻፈም።

በሌላው ከመፍረዳችን በፊት የራሳችንን መዝገብ ገለጥን። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ስንት ብር እንደተዋጣ፣ ስንት ሳሙና እንደተገዛ እስከ ሳንቲሙ ተጽፏል። ለታመሙት ምግብ በተራ ያደረሰችው፣ የአራሷን ልብስ ያጠበችው፣ ውሃ ቀድታ ከበር ያስቀመጠችው ግን አንዷም አልተጻፈችም። የዘነጋናቸው እኛው ነን። ከመካከላቸው አንዷ ዛሬ በሕይወት የለችም። ልጇ መጥቶ «እናቴ ያኔ ምን ትሠራ ነበር?» ሲለን የምናሳየው አንድ ወረቀት አጣን።

ስለዚህ እንለምናችኋለን። አባላት ሆይ፣ ከእናቶቻችሁና ከአያቶቻችሁ ስለ በሽታ ዘመን የሰማችሁትን፣ ራሳችሁም ያያችሁትን ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ። መጻፍ የማትችለው ትናገር፤ የምትችለው ትጻፍላት። የታማሚዋን ስም ካልፈቀደች አናነሳም፤ ያስታመመችውን ግን እንጽፋለን። ደጋፊዎቻችንም፣ ከሂሳብ ሪፖርታችን ጋር ከእንግዲህ ይህ ገጽ አብሮ ይደርሳችኋል። እንደ ሂሳቡ በጥንቃቄ አንብቡልን።

ለመጪው ኅዳር ልጆቻችን ስለ ጭሱ ሲጠይቁን የምንነግራቸው ይኑረን።