ማሽኑን ከመግዛታችን በፊት

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር)



ማኅበራችን ለዩኒቨርሲቲው በዱቄት የሚሠራ ባለ ሦስት ገጽታ ማተሚያ፣ በተለምዶ ስሪዲ ፕሪንተር የምንለውን፣ በስጦታ እንዲያበረክት ሐሳብ ቀርቧል። «አንቺ ተጠቅመሽበታልና አስረጂን» ተብዬ ነው እዚህ የቆምኩት። መሐንዲሶች፣ ስሳሳት እንዳትስቁብኝ፤ ፊት የምጠግን የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም እንጂ የማሽን ሰው አይደለሁም።

ሐሳቡ ለምን ልብ እንደሚስብ ይገባኛል። አናቶሚ ስንማር አንድ የራስ ቅል ለስምንት ከብበን፣ ተራ እየጠበቅን ነበር የምናጠናው። ዛሬ ግን ከሲቲ ስካን ምስል ተነሥቶ የአንድን በሽተኛ አጥንት አምሳያ በእጅ የሚያስይዝ ማሽን አለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ የሚሠራውን ቅርጽ፣ ሽንኩርት በስሱ እንደሚከተፍ፣ ይከታትፈዋል። ማሽኑ ደቃቅ የናይለን ዱቄት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አድርጎ ይደለድላል። ሌዘሩ የመጀመሪያውን ቁራጭ ቅርጽ ተከትሎ ዱቄቱን እያቀለጠ ያያይዘዋል። ወለሉ በዚያችው መጠን ዝቅ ይላል፤ ሌላ ዱቄት ይነጠፋል፤ ሌዘሩ ይደግማል። 7 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መንጋጋ 700 ንጣፍ ይፈልጋል ማለት ነው። ሌዘር ያልነካው ዱቄት ባለበት ሆኖ የተንጠለጠለውን ክፍል ደግፎ ይይዛል። ጉድጓድና ድልድይ ለበዛበት የፊት አጥንት ዘዴው የሚመቸው ለዚህ ነው። ሲያልቅ ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ አለበት፤ ቸኩለው ቢከፍቱት ይጣመማል። ከዚያ ትርፉ ዱቄት ይራገፋል።

ይህን ዘዴ በ1980ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) በኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ካርል ዴካርድ የተባለ ተማሪ፣ ከመምህሩ ከጆ ቢማን ጋር ሆኖ ነው። ተማሪና መምህር ልብ በሉ! ኤም አይ ቲ ውስጥ ደግሞ ኢማኑኤል ሳክስና ባልደረቦቹ ሌዘሩን ትተው፣ ቀለም እንደሚረጭ ማተሚያ፣ ማጣበቂያ ፈሳሽ ዱቄቱ ላይ የሚረጭ ዘዴ አወጡ። በዚህኛው ጀሶም ይሠራል። መድኃኒትም ተሠርቶበታል፤ በ2015 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የፈቀደው የሚጥል በሽታ ክኒን የመጣው ከዚሁ ዘዴ ነው። አንድ ጉንጭ ውኃ ሲያገኘው አፍ ውስጥ ወዲያው ይፈርሳል። መዋጥ ለሚቸግረው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ራሴ ስህተት ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በባጃጅ አደጋ የዓይኑ ጉድጓድ ወለል የተሰበረ ወጣት አክም ነበር። የሲቲ ምስሉን ልኬ ሞዴል አሠራሁ። ሲመጣ ምን ልበላችሁ፣ አጥንቱን ራሱን የያዝኩ ነው የመሰለኝ። ወለሉ ላይ ሰፊ ቀዳዳ ይታያል። የቲታኒየም መረቡን ማታውኑ በሞዴሉ ልክ አጥፌ፣ ስቴሪላይዝ አስደርጌ፣ ጠዋት ኦፕራሲዮን ገባሁ። ከፍተን ስናየው ትክክለኛው ቀዳዳ የሞዴሉን ግማሽ አይሆንም። መረቡ አልገጥም አለ። እንደገና ቆርጠንና አጥፈን እስክናስተካክለው ልጁ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ማደንዘዣ ላይ ቆየ። ደህና ሆኖ ወጥቷል፤ እኔ ግን ያቺን ሰዓት አልረሳኋትም።

ምን ሆነ? የሲቲ ምስሉ በየ3 ሚሊ ሜትሩ የተነሣ ነበር። ማሽኑ የሚነጥፈው በ0.1 ነው። በሁለት ምስሎች መካከል ያሉትን 30 ንጣፎች ኮምፒውተሩ በግምት ነው የሞላቸው። የዓይን ወለል አጥንት ደግሞ ከ1 ሚሊ ሜትር የሳሳ ነው፤ በወፍራም ምስል ላይ ይደበዝዝና ኮምፒውተሩ አጥንት የለም ብሎ ያልፈዋል። ማሽኑ አልዋሸም፤ የሰጠሁትን ነው የሠራልኝ። ሲቲው በስሱ እንዲነሣ ማዘዝ፣ ሞዴሉንም ከምስሉ ጋር ማስተያየት የኔ ሥራ ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ማሽኑን ብቻ አንስጥ። ዱቄቱ አላቂ ነው፤ የተረፈውም በወንፊት ተነፍቶ ከአዲስ ጋር ካልተደባለቀ ጥራቱ ይወርዳል። ደቃቅ ስለሆነ ሳንባ ይገባል፤ አየር ማስወጫና ማስክ ይፈልጋል። እንደ ቲታኒየም ያለው የብረት ዱቄትማ የመፈንዳት አደጋም አለው። ማሽኑ ለሰዓታት ሲሠራ ቆይቶ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ልፋቱ ሁሉ ሊበላሽ ይችላል። ይህን የሚከታተል የሠለጠነ ሰው ከሌለ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው የሚሆንብን። ፕላስቲኩ ሳይገለጥ መጋዘን የቀረ የዕርዳታ ዕቃ ያላየ ከመካከላችን ማን አለ?

እኔ የምለው፣ የመጀመሪያውን ዓመት መዋጮ ለሰው እናድርገው። አንድ የራዲዮሎጂ ባለሙያና አንድ መሐንዲስ አብረው ይሠልጥኑ። ሞዴሉን ማሽኑ ካላቸው ዘንድ እያሠሩ ይልመዱ፤ እያንዳንዱንም ከምስሉ ጋር እየለኩ ያረጋግጡ። ልኩ ሲታመን ያኔ ማሽኑን እንግዛ። ለዚያ ቀን የመጀመሪያዋ ከፋይ እኔ ነኝ፤ ገንዘብ ያዣችን ከአሁኑ ይመዝግቡልኝ።